ብልጭታው ለማን ነው?

በኮሎምበስ ሰሜን ጫፍ ካለው ከፖላሪስ ሰፈር ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ብትነዱ ኧርባና የምትባል ትንሽ የኦሃዮ ከተማ ትደርሳላችሁ። ዋረን ግራይምስ የሚባል ሰው በ1930ዎቹ እዚያ ፋብሪካ ከፍቶ የአውሮፕላን መብራት ይሠራ ጀመር። ማታ ቀና ስትሉ በግራ ክንፍ ጫፍ ላይ ቀይ፣ በቀኙ ላይ አረንጓዴ፣ በጭራው ላይ ደግሞ ነጭ መብራት ታያላችሁ። የቀለሙ ሥርዓት ከመርከብ የተወረሰ ነው፤ ለአውሮፕላን ክንፍ እንዲስማማ አድርጎ በመሥራቱ ግን ግራይምስን የአውሮፕላን መብራት ኢንዱስትሪ አባት ይሉታል። ሥራው ዛሬ በሃኒዌል እጅ ሆኖ እዚያው ኧርባና ቀጥሏል፤ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያም ግራይምስ ፊልድ ይባላል። እኔ ከሁሉም የምወደው የመሞከሪያ አውሮፕላናቸውን ነው። አንድ ቢችክራፍት 18 ወስደው ከአፍንጫው እስከ ጭራው መብራት በመብራት አደረጉትና አዲስ የሠሩትን እላዩ ላይ ገጥመው ሌሊት እያበረሩ ይፈትኑ ነበር።

ይህን ያነሣሁት እዚህ ኮሎምበስ ድሮን የገዛ ጓደኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚጠይቀኝ ነው፦ ማታ እንዳይጠፋብኝ ምን መብራት ልግጠምበት? ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ግራይምስ መብራቱን የሠራው አብራሪው የገዛ ክንፉን እንዲያይበት አልነበረም። ከወዲያ የሚመጣው፣ ጨርሶ የማያውቀው ሌላ አብራሪ እንዲያየው ነው። ስትሮብ የምንለው፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ትንሽ መብራትም ሥራው ይኸው ነው። የት ይለጠፍ፣ ምን ቀለም ይሁን፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ ብልጭ ይበል የሚለው ሁሉ መልሱ የሚገኘው መብራቱ ለማን እንደሚበራ ስታስቡ ነው።

ፖላሪስን ለማያውቅ፣ በኮሎምበስ ሰሜን ጫፍ ኢንተርስቴት 71 ዳር የተዘረጋ የገበያና የቢሮ ሰፈር ነው። ትልቁ ሞል በ2001 ተከፈተ፤ ኢኬያ በ2017 መጣ፤ ጄፒ ሞርጋን ቼዝም 2 ሚሊዮን ስኩዌር ፊት ገደማ የሚሰፋ ሕንፃ አለው። ያ ሁሉ ፓርኪንግ፣ የመንገድ መብራትና ማስታወቂያ ሌሊቱን ከታች ያበራል። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በሐበሻ ሰዓት አቆጣጠር 11 ሰዓት ከ10 ገደማ ስለሆነ ከሥራ መልስ ድሮን ላንሣ የሚል ሰው በጨለማ ማንሣቱ ነው። በጁን መጨረሻ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ፀሐይ አለች፤ ያኔ መብራት ትዝ የሚለው ሰው የለም።

ሰማዩም ባዶ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ጀማሪ አብራሪዎች የሚማሩባቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ይመላለሱበታል። በደቡብ በኩል ጆን ግሌን ኢንተርናሽናል፣ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ የዴላዌር ከተማ ማረፊያ አለ። ድሮን ከ400 ፊት፣ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ መውጣት ስለማይፈቀድለት፣ እነዚህ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ በላይ ናቸው። የሚያሰጋው ሄሊኮፕተር ነው። በሽተኛ የሚያመላልሱት የሜድፍላይት ሄሊኮፕተሮች ሆስፒታል ጣሪያ ላይ ወይም አደጋ የደረሰበት አውራ ጎዳና ላይ ለማረፍ ያንን የ400 ፊት ወሰን ሰንጥቀው ይወርዳሉ። የፖሊስ ሄሊኮፕተርም አለ። ሲመጡ ደውለው አይነግሯችሁም።

እስቲ ለአንድ አፍታ እዚያ ሄሊኮፕተር ውስጥ ተቀመጡ። ጤነኛ ዓይን ለይቶ ማየት የሚችለው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ያህል ነው። በዚህ ስሌት 25 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ድሮን 860 ሜትር ገደማ ሲርቅ ነጥብ ሆኖ ይሟሟል። ያውም በወረቀት ላይ ነው። ግራጫ ድሮን፣ እጆቹ የቀጠኑ፣ በኦሃዮ ክረምት ግራጫ ሰማይ ላይ የዚያን ሲሶ ርቀት ሳይደርስ ይጠፋል። 300 ሜትር ላይ አየው እንበል። በሰዓት 150 ማይል የሚበር ሄሊኮፕተር በሴኮንድ 67 ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ የቀረችው 4 ሴኮንድ ተኩል ናት። በዚያች ጊዜ አይቶ፣ ወፍ ይሁን ሌላ ነገር ለይቶ፣ ወስኖ፣ መሪውን አዙሮ፣ ሄሊኮፕተሩም እሺ ብሎት መታጠፍ አለበት።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍኤኤ፣ በጉዳዩ ላይ የጻፈው ሕግ አጭር ነው። ፓርት 107 የሚባለው ደንብ በኦገስት 2016 ሥራ ላይ ሲውል ማታ ማብረር ያለ ልዩ ፈቃድ ክልክል ነበር። ከኤፕሪል 21 ቀን 2021 ጀምሮ ግን የሌሊቱን ትምህርት የተማረና በድሮኑ ላይ ግጭት መከላከያ መብራት ያለው ሰው እንዲያበር ተፈቀደ። መብራቱ ቢያንስ ከ3 ማይል፣ ማለትም ከ4.8 ኪሎ ሜትር መታየት አለበት፤ የብልጭታው ፍጥነትም ግጭት ለማስቀረት የሚበቃ ይሁን ይላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓትና ከመውጣቷ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓትም በዚሁ ይካተታል። አብራሪው ለደኅንነት ሲል መብራቱን ማደብዘዝ ይችላል፤ ማጥፋት ግን አይችልም። ደንቡ ስለ ብርሃኑ ጉልበት የሚለው ይኸው ብቻ ነው። ስንት ካንዴላ እንደሚሆን አልጻፈም፤ የሚያጸድቀው የመብራት ዓይነትም የለም። ማሸጊያው ላይ 3 ማይል ተብሎ ከታተመ የአምራቹ ቃል ነው፤ የሚጠየቀው አብራሪው ነው። ድሮኑ ከፋብሪካ ይዟቸው የሚመጣው የእጆቹ መብራቶችም ለእናንተ ምልክት ለመስጠት የተሠሩ እንጂ ለዚህ አይደሉም።

3 ማይል ምን ያህል ነው? ከሞሉ ተነሥታችሁ ወደ ደቡብ 270 ቀለበት መንገድን ተሻግራችሁ ወርዚንግተን ስትገቡ ማለት ነው። ጣት በምታህል መብራት!

ይቻላል ወይ? አዎ፣ ሒሳቡንም አብረን ብንሠራው ደስ ይላል። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይደክማል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ። በሌላ በኩል የባሕር መብራት ማማ መሐንዲሶች የሚሠሩበት ቁጥር አለ። ዙሪያው በጨለመበት ሌሊት የሰው ዓይን አንድን መብራት ለመያዝ እሱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 0.0000002 ሉክስ ቢሆን ይበቃዋል። ከጀርባው ጥቂት መብራቶች ካሉ የዚያ አሥር እጥፍ ይፈልጋል፤ የከተማ መብራት ካጥለቀለቀው ደግሞ መቶ እጥፍ። አየሩ በመጠኑ ጥሩ ሆኖ 3 ማይል ላይ ይህን ስናሰላ፣ ለጨለማው 10 ካንዴላ ገደማ ይወጣል። አንድ ሻማ 1 ካንዴላ ያህል ስለሆነ አሥር ሻማ ማለት ነው፤ ለዘመኑ ኤልኢዲ ምንም አይደለም። ከጀርባ ጥቂት መብራት ሲኖር 100 ካንዴላ፣ በደማቅ ከተማ ላይ 1,000 ካንዴላ ይሆናል።

አንድ መብራት ከዴላዌር ካውንቲ የበቆሎ እርሻ በላይ ሲሆን ሕጉን በሰፊው ያሟላል፤ ያው መብራት ፖላሪስ ላይ አያሟላም ማለት ነው። ከዚህም የሚብሰው እናንተ ይህን ለማወቅ አለመቻላችሁ ነው። መሬት ላይ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ድሮኑን የምታዩት በጥቁር ሰማይ ላይ ስለሆነ እንደ ኮከብ ይደምቅባችኋል። የሄሊኮፕተሩ አብራሪ ግን የሚያየው ወደታች ነው። ከድሮኑ ጀርባ ያለው ፓርኪንጉ፣ የ71 የመኪና መብራት ጎርፍና የሱቆቹ ሰሌዳ ነው። እሱ የተሰጠው ሥራ በደመራ ማታ መስቀል አደባባይ ከበራው ጧፍ ሁሉ መካከል የእናቱን ጧፍ ከፎቅ ላይ ሆኖ እንደመፈለግ ነው።

ብልጭታ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ያ ሁሉ የፓርኪንግ መብራት አንዴ በርቶ ዝም ያለ ነው። ከመካከሉ አንዱ ብቻ ቢበራና ቢጠፋ ዓይን ወደዚያ ይሳባል፤ ባላየበት ጥግ እንኳ ቢሆን፣ የዓይናችን ዳር ለዝርዝር ደካማ ሆኖ ለለውጥ ግን ንቁ ነውና። ሰው የሚጭኑ አውሮፕላኖች ግጭት መከላከያ መብራታቸው ቀይ ወይም ነጭ ሆኖ በደቂቃ ከ40 እስከ 100 ጊዜ ብልጭ እንዲል ታዘዋል፤ ጉልበቱም ለአዲሶቹ ቢያንስ 400 ውጤታማ ካንዴላ ነው። ለድሮን እንዲህ ያለ ቁጥር አልተጻፈም፤ እኔ ግን ከዚያው ክልል አልወጣም። በሴኮንድ አንዴ ወይም ትንሽ ፈጠን ያለ ብልጭታ ለማንኛውም አብራሪ የሚያውቀው ነገር ነው፦ አውሮፕላን አለ ማለት ነው። አንዳንድ መብራቶች ላይ ያለው የሚርገበገብ የዳንስ ቤት ዓይነት ፍጥነት በሩቅ ሲታይ ከቋሚ መብራት አይለይም፤ ብልጭታ የሚያመውንም ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ውጤታማ ካንዴላ ያልኩት ልዩ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ብሎንዴልና ሬይ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1911 ያሳተሙት ቀመር ዛሬም በአሜሪካ የአውሮፕላን ሕግ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ዓይን አጭር ብልጭታን ሙሉ በሙሉ አይቀበለውም፤ ከጉልበቱ የሚቀንስበት አለ። መብራቱ በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ በሴኮንድ ውሰዱ፤ በዚያው ጊዜና በ0.2 ድምር አካፍሉት፤ በመብራቱ ጉልበት አባዙት። 100 ካንዴላ የሆነ መብራት ለ0.05 ሴኮንድ ብልጭ ቢል ለዓይን የሚደርሰው 20 ካንዴላ ብቻ ነው። ለ0.2 ሴኮንድ ቢበራ 50 ይሆናል። እንግዲህ ሻጩ በትልቁ የሚጽፈው ያንን 100 ነው፤ ለሄሊኮፕተሩ አብራሪ የሚደርሰው 20 ነው። ብልጭ ብልጭ ብልጭ ብለው ከዚያ ጋብ የሚሉ መብራቶች ስታዩ አምራቹ ለውበት ያደረገው እንዳይመስላችሁ፤ ተቀራራቢ ብልጭታዎች በዓይን ውስጥ ስለሚደማመሩ ባትሪ ሳይፈጁ ውጤታቸው ከፍ ይላል።

ቀን ላይስ? ሰማዩ ራሱ ስለሚያበራ መነሻው 0.0000002 ሳይሆን 0.001 ሉክስ ይሆናል፤ 5,000 እጥፍ። ስለዚህ በቀን 3 ማይል የሚታይ ስትሮብ በትንሽ ድሮን ላይ ህልም ነው። ነገር ግን ያንኑ ሒሳብ በ300 ሜትር ሥሩት፤ 90 ካንዴላ ይበቃል። ድሮናችሁ ደመና ላይ የሚጠፋባችሁ ልክ እዚያ ርቀት ላይ ስለሆነ በቀንም መብራቱ ለራሳችሁ ዓይን ይጠቅማል ማለት ነው። ለሌላው አብራሪ ግን በቀን ብዙም አይረዳውም፤ ያኔ መስማትና ዝቅ ማለት የእናንተ ሥራ ነው።

በቀለሙ ላይ ብዙ አልል። ነጭ አድርጉት። ሰማያዊ የፖሊስ ይመስላል፤ አረንጓዴ ብቻውን ሲሆን የአውሮፕላን ቀኝ ጎን ነው የሚያስብለው። ድሮኑ ወዴት እንደዞረ ለማወቅ ከፈለጋችሁ በግራ እጁ ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ የማይርገበገቡ ደካማ መብራቶች ለጥፉ፤ እነሱ ለእናንተ ናቸው። ስትሮብ የት እንዳለ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም።

ቦታው ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ሄሊኮፕተር ከላይ ወይም ከጎን ስለሚመጣ የመጀመሪያው መብራት ጀርባው ላይ ይሁን። ብዙ ሰው ከታች ብቻ ይለጥፍና ለራሱ ደምቆ ሲታየው ደስ ይለዋል፤ የሚፈለገው ሰው ግን የድሮኑን ጥቁር ጀርባ ነው የሚያየው። ጀርባው ላይ ስትለጥፉ የጂፒኤስ አንቴናው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ከሽፋኑ ሥር ስለሆነ አትክደኑት፤ የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹንም ክፍት ተዉለት፤ ፕሮፔለሩ ሲዞር እንደማይነካው በእጃችሁ አዙራችሁ እዩ። ከታች የሚጨመረው ሁለተኛው መብራት ደግሞ መሬት የሚያዩትን ካሜራዎችና ሴንሰሮች እንዳያደናግር ከነሱ ይራቅ፤ አለዚያ ሲያርፍ ይወላወላል። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው ከታች ያለው ብልጭታ ጭጋግ ባለበት ማታ ምስሉን ሁሉ ያበላሸዋል። ማጣበቂያው ጠንካራ ቬልክሮ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በብርድ ጊዜ ተራ ፕላስተር ይለቃል።

አሁን ወደ ክብደቱ ልምጣ፤ ብዙዎች የሚወድቁበት እዚህ ነው። የዲጄአይ ሚኒ ድሮኖች 249 ግራም እንዲሆኑ የተደረገው በአጋጣሚ አይደለም። በአሜሪካ ለመዝናኛ ብቻ የሚበር ድሮን 250 ግራም ካልሞላ መመዝገብ አያስፈልገውም። ክብደቱ የሚቆጠረው ደግሞ ሲነሣ በላዩ ካለው ሁሉ ጋር ነው። 10 ግራም የምትመዝን ስትሮብ ስትለጥፉበት 259 ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ድሮናችሁ ተመዝጋቢ ሆነ፤ ቁጥር ሊጻፍበት ግድ ሆነ፤ ሪሞት አይዲ የሚባለውን፣ ድሮኑ ያለበትንም እናንተ የቆማችሁበትንም በአየር ላይ የሚያሰራጨውን ሥርዓት ማሟላት አለበት። አምራቹ ካላካተተው ሌላ ሞጁል መለጠፍ ይመጣል፤ እሱም ይመዝናል። ለሰው ዓይን እንዲታይ ብለን ያደረግነው ለመንግሥትም እንዲታይ ያደርገዋል፤ እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። ምዝገባው 5 ዶላር ነው፤ ለ3 ዓመት ያገለግላል። አምስት ዶላር ለመቆጠብ መብራት የማይለጥፍ ሰው ግን አውቃለሁ!

የክብደቱ ሌላ ዋጋ ባትሪ ላይ ነው። አንድ ድሮን ባለበት ለመንሳፈፍ የሚፈልገው ኃይል ከክብደቱ ፈጠን ብሎ ስለሚያድግ 4 በመቶ ክብደት 6 በመቶ ያህል ኃይል ይጠይቃል። 30 ደቂቃ የሚበር ድሮን ወደ 28 ይወርዳል። ለዚህም ነው ስትሮቡ የራሱ ባትሪ ያለው፣ ትንሹ፣ አንድ ብቻ የሆነው የሚመረጠው፤ አራት እጆች ስላሉት አራት መብራት አይለጠፍም።

መብራት የማያድነው ነገር እንዳለም ላሳያችሁ። በሴፕቴምበር 21 ቀን 2017 አመሻሽ ላይ በኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ አጠገብ አንድ ፋንተም 4 ድሮን ከጦር ሠራዊቱ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። ድሮኑ ከሚያበረው ሰው 2.5 ማይል ርቆ ነበር። ሰውየው መጋጨቱን ያወቀው መርማሪዎች ሲያነጋግሩት ነው። በጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል እሳት ለማጥፋት ከካናዳ የመጣውን ኪቤክ 1 የተባለ አውሮፕላን አንድ ትንሽ ድሮን መታውና ክንፉን ቀደደው፤ አውሮፕላኑ ውኃ መርጨቱን ትቶ ለጥገና ቆመ። የዚህኛውም ድሮን አብራሪ ከዓይኑ ውጪ ሰድዶት ነበር። ከዓይን የራቀ ድሮን አሥር ስትሮብ ቢለጠፍበት የሚያየው ጌታ የለውም።

ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች ለሚል ሰው እዚሁ ኦሃዮ የተሠራ ሙከራ አለ። በ2018 የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ኪሎ የማይሞላ ፋንተም 2 ድሮን በሰዓት 238 ማይል በትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ተኮሱት። የክንፉን ግንባር ሰንጥቆ ገባና ዋናውን የክንፍ ምሰሶ ጎዳው። የድሮኑ አምራች ዲጄአይ ፍጥነቱ ከእውነተኛ በረራ የበለጠ ነው ብሎ ተቃወመ፤ ክርክሩ ተገቢ ይመስለኛል፤ ሆኖም ቀዳዳውን ያየ ሰው ቀለል አድርጎ አያወራም።

ለሠርግ ቀራጮቻችን አንድ ቃል። ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ ለወንድሜ ሠርግ ነው የሚለው መልስ አይሠራም። ኤፍኤኤ የሚጠይቀው ክፍያውን ሳይሆን ዓላማውን ነው፤ ለራስ መዝናኛ ብቻ ካልሆነ፣ በበጎ ፈቃድም ቢሆን፣ ፓርት 107 ይመለከተዋል። ያኔ የ3 ማይሉ መብራትም ግዴታ ነው፤ ድሮኑም 249 ግራም ቢሆን ይመዘገባል። ፈተናው 60 ጥያቄ ነው፤ 70 በመቶ ያመጣ ያልፋል፤ ክፍያው 175 ዶላር ነው። አገር ቤት ይዤው ልሂድ ለሚል ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር ቦሌ ላይ ይያዛል፤ ስትሮብ አያስምረውም። ድሮን የሚለው ቃል እዚያ ለብዙ ሰው ከጦርነት ጋር የሚመጣ ስለሆነ መጠርጠሩም አያስገርምም። ድሮንን በበዓል መልክ ያየነው የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በዋዜማው ድሮኖች ሰማይ ላይ ጽሑፍ ሲጽፉ ነው። እነዚያ መብራቶች ከታች ለቆመ ተመልካች የተሠሩ ናቸው፤ የእኛዋ ግን ወደላይ ነው የምታየው።

ገዝታችሁ ስታበቁ 3 ማይል መታየቱን በምን ታውቃላችሁ? ለዚህ ድሮኑን ማንሣት እንኳ አያስፈልግም፤ መብራቱን ነቅላችሁ ውሰዱት። ኦሃዮ ሜዳ ቢሆንም ዛፍ ይበዛዋልና 3 ማይል ቀጥ ብሎ የሚታይ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ 1 ማይል ግን ከከተማ ወጣ ያለ ቀጥ ያለ የገጠር መንገድ ላይ ይገኛል። ጓደኛችሁ መብራቱን ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ እናንተ 1 ማይል ራቁና ለድሮኑ ካሜራ የምትጠቀሙበትን ኤንዲ 16 ማጥቆሪያ ሌንስ በአንድ ዓይናችሁ ላይ ያዙት። ሌንሱ ብርሃኑን 16 ጊዜ ስለሚቀንሰው በ1 ማይል የምታዩት 4 ማይል ርቆ የምታዩት ያህል ይሆናል። ኤንዲ 8 ካላችሁ ወደ 2.8 ማይል ይጠጋል፤ አይበቃም። ከጀርባ ያለውንም መብራት አብሮ ስለሚያደበዝዘውና የአየሩን ጭጋግ ስለማይቆጥር ትርፍ ያለው 16ቱ ይሻላል። ዓይናችሁን ጨለማው እስኪለምደው 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ መብራቱን ሳትፈልጉት ካገኛችሁት ለገጠሩ ሰማይ በቅቷል። ፖላሪስ ላይ ለማብረር ያሰበ ሰው ግን የደማቁን ከተማ ሒሳብ ያስታውስና ጉልበቱ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆነውን ይግዛ፤ ከመነሣቱ በፊትም ቢ-ፎር-ዩ-ፍላይ በሚባለው የድሮን አብራሪዎች የአየር ክልል መመልከቻ ላይ የቆመበት ቦታ ፈቃድ የሚጠይቅ የአየር ክልል አለመሆኑን ይመልከት።